«ኮንቨርጅ አላደረገም» ሲል ኮምፒውተሩ ምን ማለቱ ነው?

የኃይል መስመር ዕቅድ የሚሠራ መሐንዲስ በኮምፒውተሩ ላይ ደጋግሞ ከሚያያቸው መልእክቶች አንዱ፣ ሎድ ፍሎው ኮንቨርጅ አላደረገም የሚለው ነው። ብዙዎች እንደ ሶፍትዌር ብልሽት ይቆጥሩትና ቁልፉን ደግመው ይጫናሉ። እኔ ግን መልእክቱ ራሱ መልስ ነው ባይ ነኝ። ማጣራት ያለብን ጥፋቱ እኛ ካስገባነው ዳታ የመጣ መሆኑን ወይም መስመሩ የጠየቅነውን ኃይል በእርግጥ መሸከም የማይችል መሆኑን ነው።

ሎድ ፍሎው የሚባለው ስሌት የሚፈልገው በየማከፋፈያ ጣቢያው የሚኖረውን ቮልቴጅ ነው። የጄነሬተሮቹ ምርትና የደንበኞቹ ፍጆታ ይሰጠዋል። እኩልታዎቹ በአንድ እርምጃ ስለማይፈቱ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ይገምታል፤ ግምቱ የሚያስገኘውን ኃይል ከተሰጠው ጋር ያስተያያል፤ ልዩነቱን አይቶ ግምቱን ያርማል፤ እንደገና ያሰላል። ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ሲጠፋ ስሌቱ ኮንቨርጅ አደረገ ይባላል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበትን የኒውተን-ራፍሰን ዘዴ ለትልልቅ ኔትወርኮች እንዲመች ካደረጉት መካከል ዊልያም ቲኒ እና ክሊፎርድ ሃርት በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ዋነኛው ነው።

በወረቀት ላይ እንሞክረው። ከአንድ ጠንካራ ጣቢያ ተነስቶ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ፣ ሪአክታንሱ 87.12 ኦም የሆነ የ132 ኪሎ ቮልት መስመር አለን እንበል። ጫፉ ላይ ያለው ከተማ 96 ሜጋ ዋት ይፈልጋል። የሽቦውን ሬዚስታንስ እንተወው፤ ከተማውም ሪአክቲቭ ኃይል አይጠይቅ። የቮልቴጁን ካሬ ያልታወቀ ቁጥር አድርገን፣ ከ100 በመቶ (ከ132 ኪሎ ቮልት) ተነስተን በኒውተን ዘዴ ስንሄድ የከተማው ቮልቴጅ 87.7፣ 81.9፣ 80.2፣ ከዚያ 80.0 በመቶ ይሆናል። እዚያው ይረጋል። ስሌቱ ኮንቨርጅ አደረገ።

አሁን ፍላጎቱን ወደ 102 ሜጋ ዋት ከፍ እናድርገው። 86፣ 77፣ 71 እያለ ይወርድና በአራተኛው ዙር በድንገት 191 በመቶ ላይ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው መዝለል ብቻ ነው። ዘዴው አልተበላሸም። ይህ መስመር በዚህ ሁኔታ ማስተላለፍ የሚችለው ቢበዛ 100 ሜጋ ዋት ነው፤ 102 የሚያሳልፍ ቮልቴጅ ጨርሶ የለም። ኮምፒውተሩ የሌለ ነገር ሲፈልግ ዋለ።

ሌላም ነገር አለ። ለ96 ሜጋ ዋቱ ሁለት መልሶች አሉ፤ 80 እና 60 በመቶ። የመነሻ ግምታችን ዝቅ ያለ ከሆነ ስሌቱ ታችኛው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ኮንቨርጅ ማድረጉን አይቶ የቮልቴጁን አምድ ሳያነብ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

መልስ የሌለው እኩልታ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። ሐምሌ 23 ቀን 1987 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ቶኪዮ በብርቱ ሙቀት ላይ ነበረች። ከምሳ ሰዓት በኋላ ፍላጎቱ በየደቂቃው ወደ 400 ሜጋ ዋት ገደማ ይጨምር ጀመር። ኦፕሬተሮቹ ቮልቴጁን የሚደግፍ ሪአክቲቭ ኃይል የሚሰጡ ካፓሲተሮቻቸውን ቢያስገቡም የ500 ኪሎ ቮልቱ መረብ ቮልቴጅ መውረዱን አላቆመም፤ ቮልቴጅ ሲቀንስ የአየር ማቀዝቀዣዎቹ ሥራቸውን ላለመቀነስ ተጨማሪ ከረንት ይስባሉና መውረዱን ያፋጥኑታል። በመጨረሻ ከ8,000 ሜጋ ዋት በላይ ጭነት ተቋረጠ፤ 2.8 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ኃይል አጡ።

ያም ሆኖ በቢሮ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመው የዳታ ስህተት ነው። 12.5 ሜጋ ዋት መባል የነበረበት ጭነት በኪሎ ዋት ተጽፎ 12,500 ሆኖ ይገባል። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ክፍት ተደርጎ ይረሳና፣ ጄነሬተር የሌለው የኔትወርክ ቁራጭ ብቻውን ይቀራል። ሁለት ትራንስፎርመሮች የአንድን ባስባር (መስመሮች የሚገናኙበትን ነጥብ) ቮልቴጅ በተለያየ ልክ ለማስተካከል ሲጓተቱ ስሌቱ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሪአክቲቭ ወሰኑ ላይ የደረሰ ጄነሬተርም በአንዱ ዙር ወሰኑን ነክቶ በሚቀጥለው ይለቀቅና ተመሳሳይ መወዛወዝ ይፈጥራል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ኮንቨርጅ የሚያደርገው ስህተት ነው። በ25 ሜጋ ቮልት አምፔር መሠረት 10 በመቶ ኢምፔዳንስ ያለው ትራንስፎርመር፣ በ100 መሠረት ሲጻፍ 40 በመቶ መሆን አለበት። 10 ብሎ ያስገባ ሰው ኔትወርኩን ከእውነተኛው ጠንካራ አድርጎታል፤ ሶፍትዌሩም ቅር ሳይለው መልስ ይሰጠዋል።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ልዩነቱ ትልቅ የሆነበትን ባስባር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች ላይ ማየት ነው፤ ቆይቶ ስሌቱ ከፈነዳ በኋላ የሚታየው ስም እዚህ ግባ የሚባል መረጃ አይሰጥም። ከዚያ የትራንስፎርመር ታፖችን (የቮልቴጅ ማስተካከያ ደረጃዎችን) እና የሪአክቲቭ ወሰኖችን ለጊዜው አስሮ መሞከር። አልሆነም? ጭነቱን ሁሉ በግማሽ ቀንሶ ማስላትና፣ እያንዳንዱን መልስ ለሚቀጥለው መነሻ እያደረጉ ቀስ በቀስ ማሳደግ። በግማሽ ጭነትም ካልሠራ ዳታውን መፈተሽ ነው፤ 90 በመቶ ላይ ደርሶ ከቆመ መስመሩን ራሱን መጠርጠር ይገባል። የሚፈቀደውን ልዩነት ከ0.1 ወደ 10 ሜጋ ዋት አስፍቶ «ሠራ» ማለት ግን ራስን ማታለል ነው።

እኔ የምወደው ዘዴ ደካማው ባስባር ላይ ወሰን የሌለው ሪአክቲቭ ኃይል ብቻ የሚሰጥ ምናባዊ ጄነሬተር መትከል ነው። በ102 ሜጋ ዋቱ ምሳሌያችን ላይ የከተማውን ቮልቴጅ 100 በመቶ እንዲይዝ ብናዘው፣ ስሌቱ ወዲያው ይረጋና ጄነሬተሩ 28 ሜጋ ቫር እየሰጠ መሆኑን ይነግረናል። ይህን ያህል የሚሰጥ የካፓሲተር ባንክ ቢተከል ከተማው ኃይሉን ያገኛል ማለት ነው። ብቻ የካፓሲተር ምርት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ቮልቴጁ 90 በመቶ ሲሆን 28ቱ ወደ 23 ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ምናባዊውን ጄነሬተር ነቅሎ፣ እውነተኛውን ካፓሲተር አስገብቶ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል፤ ፋይሉ ከመቀመጡ በፊት።