መጽሐፍም እንደ መድኃኒት ጊዜው ያልፍበታል

አንድ ማታ መነጽሬ ጠፍቶብኝ፣ ከፋርማሲ ያመጣሁትን የመድኃኒት ከረጢት ለልጅ ልጄ ሰጠኋትና "እስቲ አንብቢልኝ" አልኳት። ሦስተኛ ክፍል ናት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራቻቸው፤ ቃሉን ግን መግጠም አቃታት። "ከምግብ በኋላ" የሚለውን ሦስት ጊዜ ሞክራ፣ አፍራ ተወችው። እኔም ደነገጥኩ። ደብተሯ በ"ራይት" ምልክት የተሞላ ነበርና።

በማግሥቱ እጇን ይዤ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። አሶሳ ውስጥ እንዳሉት ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ግቢው በማንጎ ዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነው። መምህሯ ቅን ሰው ናቸው። "ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ የምታነበው ነገር ነው ያጣችው" አሉኝና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ላኩኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ አንድ መማሪያ ክፍል ያህላል። ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዲት ኃላፊና በትርፍ ሰዓታቸው የሚያግዟት የጥበቃ ሠራተኛ። መደርደሪያው ላይ የሚበዙት ያረጁ የመማሪያ መጻሕፍትና በእርዳታ የመጡ ወፋፍራም የእንግሊዝኛ ጥራዞች ናቸው። የአማርኛ የተረት መጻሕፍቱስ? እነሱ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል።

"ለምን?" አልኳት ኃላፊዋን።

"ሲስተር፣ ፈርሜ የተረከብኩት ንብረት ነው። ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲመጣ ከጎደለ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ከደሞዜ ቢቆረጥ ምን አበላቸዋለሁ?"

ልወቅሳት አልቻልኩም። እኔም በሥራ ዘመኔ የመድኃኒት መጋዘን ቁልፍ ይዣለሁ። በቆጠራ ጊዜ ሳይከፈት ጊዜው ያለፈበት ካርቶን አግኝተን እናውቃለን። በሰነዱ ላይ ምንም አልጎደለም፤ ለበሽተኛው ግን አልደረሰም። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የሚያስፈልገው ተረት ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ቢሰጠው ጊዜው አልፎበታል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ በስምንት ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ተፈትኖ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። በእኛ ክልል ደግሞ ሌላ ጭነት አለ። የበርታ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛውን በግዕዝ ፊደል ያጠናሉ። ሁለት ዓይነት ፊደል ለሚሸከም ልጅ የሁለቱም መጽሐፍ ያስፈልገዋል።

መፍትሔ እንዳለው ያሳዩ ሰዎችም አሉ። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በኋላም በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆቹ አደረሱ። መጽሐፉ ወደ ልጁ መሄድ ከቻለ፣ ከቁምሳጥን መውጣት እንዴት ያቅተዋል?

ጉዳዩን ለርዕሰ መምህሩና ለወላጆች ኮሚቴ አቀረብን። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። "ልጆች ይቀዱታል" ያለ ወላጅ አለ። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ በንባብ ብዛት ያረጀ መጽሐፍ በአገልግሎት እንዳለቀ ይቆጠራል፤ የጠፋውን ወላጆች አዋጥተን እንተካለን፤ ኃላፊዋ ብቻዋን አትጠየቅም። እኔ ያዋጣሁት ከካርድ ክፍል የማውቀውን ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ካርድ፤ የወሰደበት ቀን፣ የመለሰበት ቀን። ሁለት ሳምንት ካለፈ እንደ ቀጠሮ ቀሪ በሽተኛ ተፈልጎ ይጠየቃል።

በበርታ ቋንቋ የተጻፈ የተረት መጽሐፍ ግን አላገኘንም። መላውን ያመጡት የጥበቃ ሠራተኛው ናቸው። በርታ ናቸው፤ አያታቸው የነገሯቸውን ተረት ዓርብ ዓርብ ለልጆቹ በቋንቋቸው ያወራሉ። የአፍ መፍቻ ቋንቋ መምህሩ በትልቅ ወረቀት ላይ ይጽፉታል፤ ልጆቹ ሥዕሉን ይሠሩለታል፤ ኃላፊዋ በመርፌና በክር ትጠርዘዋለች። ዛሬ እንዲህ የተሠሩ ስድስት መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ አሉ። እንደነሱ የተነበበና የተቀደደ የለም።

ሰኔ ደረሰና ቆጠራው መጣ። አራት መጻሕፍት ጎደሉ። ኃላፊዋ ፊቷ ገርጥቶ መዝገቡን ደጋግማ ገለጠች። ቃለ ጉባኤው ተነበበ፤ ወላጆች በዚያው ሳምንት ገንዘቡን አዋጣን። ከደሞዟ አንድ ብር አልተነካም። በመስከረም ቁምሳጥኑን የከፈተችው ማንም ሳይጠይቃት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ለልጅዎ ዶክተር ወይም መምህር መሆን አይጠበቅብዎትም። ማታ አሥር ደቂቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ፤ ማንበብ ባይችሉ እንኳ ማዳመጥ ይችላሉ። መጽሐፉን ወደ ዓይኑ አብዝቶ የሚያስጠጋ ከሆነ ዓይኑን ያስመርምሩ። አንድ ቀን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደው የቤተ መጻሕፍቱን በር ያንኳኩ። ቁልፉን የያዘችውን ሴት ከመውቀስዎ በፊት ምን እንደሚያስፈራት ይጠይቋት።

የልጅ ልጄ አራተኛ ክፍል ገብታለች። አሁንም ቀስ ብላ ነው የምታነበው፤ ረጃጅም ቃላት ያደናቅፏታል። ባለፈው ሳምንት ግን ከረጢቱን ከእጄ ወስዳ "ከምግብ በኋላ ይላል፤ አንቺ ግን ሳትበዪ ነው የዋጥሽው" ብላ ተቆጣችኝ።