ኢሜይል ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው፦ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

የጂሜይል ተጠቃሚ ለያሁ ደንበኛ ሲጽፍ በመካከል አጥር ይኖራል ብሎ አያስብም። በ1980ዎቹ (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ግን አጥሩ የምር ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኮምፑሰርቭና ኤምሲአይ ሜይል ለየራሳቸው ከፋይ ደንበኞች፣ ቢትኔት ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ፊዶኔት ደግሞ በቤታቸው ኮምፒውተርና ሞደም ለነበራቸው ሰዎች ያገለግሉ ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያ የለም፤ ቢኖርም ብልሃቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ።

መሠረቱ ቀደም ብሎ ተጥሏል። በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ላይ የሰውን ስም ከኮምፒውተሩ ስም ለመለየት የ@ ምልክትን መረጠ። በ1982 በጆን ፖስቴል ተጽፎ የወጣው ኤስኤምቲፒ ኮምፒውተሮች ደብዳቤ የሚቀባበሉበትን ደንብ ደነገገ። ሁሉም ግን በዚህ ደንብ አልተዳደረም። ዩዩሲፒ በተባለው ኮምፒውተሮች ደብዳቤን በቅብብል በሚያስተላልፉበት ዘዴ የሚጽፍ ሰው መንገዱን ራሱ መዘርዘር ነበረበት፦ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ስም፣ ቃለ አጋኖ፣ የቀጣዩ ስም፣ እንደገና ቃለ አጋኖ፣ እንዲህ እያለ እስከ ተቀባዩ። ከመካከል አንዱ ከተቋረጠ ደብዳቤው መንገድ ላይ ይቀራል። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የኮምፒውተር ስሞችን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን ዲኤንኤስ ነደፈ፤ በ1986 ደግሞ የደብዳቤ መቀበያ ሰርቨሮችን የሚጠቁመው መዝገብ ሲጨመርበት፣ መንገድ መፈለግ የኮምፒውተሮች ሥራ ሆነ። ለተራው ተጠቃሚ ከዚህ የበለጠ እፎይታ የመጣ አይመስለኝም።

ትንንሽ እንቅፋቶችም ነበሩ። የኮምፑሰርቭ አድራሻ መካከሉ ላይ ኮማ ያለበት ቁጥር ነበር። በኢንተርኔት ደንብ ደግሞ ኮማ አንዱን ተቀባይ ከሌላው የሚለይ ምልክት ስለሆነ፣ አንድ ሰው ሁለት መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከውጭ የሚጽፍ ሰው ኮማውን በነጥብ መተካት ነበረበት።

ትልቁ በር የተከፈተው በ1989 ነው። ከኢንተርኔት መሥራቾች አንዱ የሆነው ቪንት ሰርፍ የአሜሪካን መንግሥት አስፈቅዶ ኤምሲአይ ሜይልን ከኢንተርኔት ጋር አገናኘ። ሌሎቹም የንግድ አገልግሎቶች እኛስ ብለው ተከተሉ። ኢንተርኔት በመካከል ስለቆመ የተፎካካሪ ድርጅቶች ደንበኞች፣ ድርጅቶቹ እርስ በርስ ሳይዋዋሉ፣ መጻጻፍ ቻሉ።

ይህ መተላለፊያ አዲስ አበባም ደርሷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ተቋም በፊዶኔት ዘዴ ይሠራ ነበር። ደብዳቤዎች ይጠራቀማሉ፤ የስልክ መስመር ሲገናኝ ለንደን ካለው ግሪንኔት ከተባለ መረብ ጋር ይለዋወጣሉ፤ ከዚያም ወደ ኢንተርኔት ይሻገራሉ። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1997 ነው።

ሞደም በሚንጫጫበት በዚያ ዘመን የተቻለው ዛሬ የሚያቅት አይደለም። አብዛኞቹ የመልእክት መተግበሪያ ባለቤቶች በራቸውን እንደዘጉ መቆየታቸው ተገቢ አይመስለኝም፤ የቴሌግራም ተጠቃሚ ለዋትስአፕ ተጠቃሚ መጻፍ መቻል ነበረበት።