ከሣህኑ ዳር ያለው አተር

በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች፣ ካፊያ እየወረደ በሚመሽበት ሰዓት፣ ዓሣና ድንች ከሚጠበስበት ሱቅ ገብቶ ኮምጣጤው የሚሸተውን እራቱን በወረቀት ተጠቅልሎ የሚጠባበቅ ሰው፣ ሻጩ «አተር ይጨመር ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው አይደነቅም፤ አተር የሌለበት ዓሣ ለብዙዎች ጎደሎ ነውና።

እንግሊዞች ሰውነት ሲደክም፣ ልብ ሲከፋ ወይም ብርዱ ሲበረታ የሚሹት መብል በቅመም ያጌጠ አይደለም፤ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሥጋ የታጨቀበት ትኩስ ፓይ፣ ወይም ቋሊማ ከተደቆሰ ድንች ጋራ ነው። በእነዚህ ሁሉ ጎን አተር አይታጣም፤ ነገር ግን በስምም በግብርም እንደየአውራጃው ይለያያል፣ ልዩነቱንም ልብ ብሎ ለሚመረምረው የዚያን ሕዝብ የችግርና የብልጽግና ዘመን ያስነብበዋል።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ማሺ ፒስ ይባላል። የሚሠራው ፍሬው ደንዳና ከሆነውና ማሮውፋት ከሚሉት ዘር ሲሆን፣ አተሩ በማሳው ላይ እንዳለ እስኪደርቅ ይተዋል፤ ማታ ቢካርቦኔት በተጨመረበት ውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ቢካርቦኔቱም ገለባውን ያለሰልሳል፣ አረንጓዴ መልኩንም ይጠብቃል። በማግሥቱ ታጥቦ በመጠነኛ እሳት ሲንተከተክ፣ ፍሬው ማንም ሳይደቁሰው ፈርሶ እንደ ወፍራም ወጥ ይሆናል፤ የኖቲንግሃም ሰዎችም ናዕናዕ በኮምጣጤ አዋሕደው ያፈሱበታል። ይህ አተር የማይታጣበት የዓሣና የድንች ሱቅ የተጀመረው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገደማ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ለቀዳሚነቱም የለንደኑ ጆሴፍ ማሊንና የሞስሊው ጆን ሊስ ስማቸው ይጠቀሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥጋውም ቅቤውም በራሽን ሲታደል ዓሣና ድንች ግን ከራሽን ውጭ ስለ ነበረ፣ ያ መብል በዚያ ትውልድ ልብ ውስጥ የመጽናናት ትዝታ ሆኖ ቀረ።

ከማሺ ፒስም የሚቀድም ጥንታዊ የአተር መብል አለ። በኒውካስል አካባቢ የሚበላው ፒዝ ፑዲንግ፣ ቢጫ የአተር ክክ በጨርቅ ከረጢት ታስሮ የአሳማ ሥጋ በሚቀቀልበት ድስት ውስጥ አብሮ በስሎ የሚደቆስ ነው። የአሳማው ሥጋ ለእኛ እንግዳ ይሁን እንጂ፣ ክኩን ያየ ኢትዮጵያዊ ግን የጾሙን አልጫ ሳያስታውስ አያልፍም። በዚያው በሰሜን ምሥራቅ ሕዝቡ ካርሊን የሚባለውን ቡናማ አተር ከሆሳዕና በፊት በሚውለው እሑድ ይበላል፤ እሑዱም በአተሩ ስም ተጠርቷል፤ በመካከለኛው ዘመን በዐቢይ ጾም ሥጋ ክልክል ስለ ነበረ፣ የደረቀ ጥራጥሬ የምእመናን ሁሉ ስንቅ ነበረና። በላንክሻየርም ይህንኑ የመሰለውን ጥቁር አተር ቀቅለው፣ ጨውና ኮምጣጤ ነስንሰው፣ በየዓመቱ ኖቬምበር 5 ሌሊት በሚነደው፣ ደመራ በመሰለው እሳት ዙሪያ ቆመው ከኩባያ ይበሉታል።

ዛሬ በብዙ ቤት የሚገኘው ግን ጣፋጩና ክቡ እሸት አተር ነው። እሸት አተር ከተለቀመ በኋላ ስኳሩ ፈጥኖ ወደ ስታርች ስለሚለወጥ፣ ቀድሞ ከማሳው ርቆ የሚኖር ከተሜ እውነተኛ ጣዕሙን አያውቅም ነበር። አሜሪካዊው ክላረንስ በርድዛይ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ምግብን በፍጥነት የማቀዝቀዝን ጥበብ ካሳደገ ወዲህ፣ በዮርክሻየርና በሊንከንሻየር ገበሬዎች አጨዳውን ሌት ተቀን እያካሄዱ፣ ፍሬውን በ150 ደቂቃ ውስጥ ከማሳ ወደ በረዶ ለማድረስ ይሽቀዳደማሉ፤ ስለዚህም የሰኔ እሸት በጥር ይበላል።

ይህ ታላቅ በረከት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በረዶ ያቆየው አተር በየትኛውም ከተማ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ የደረቀው ግን የኒውካስሉ የኒውካስል፣ የኖቲንግሃሙም የኖቲንግሃም ነው፤ ክረምትን ለመሻገር፣ ጾምን ለመፈጸም፣ ድህነትን በክብር ለማሳለፍ የደከሙ እናቶችን ጥበብ በውስጡ ይዟልና። በዚያ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን ሆይ፣ ሻጩ አተር ይጨመር ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ አዎን በሉ፤ ቀምሳችሁም ለልጆቻችሁ፣ ይህ አተር እናታችን ለጾም ከምትከካው አተር ጋራ የአንድ ዘር ፍሬ መሆኑን ንገሯቸው።