ከጭሮ ተነስቶ አሳ ለማጥመድ ወዴት ይኬዳል?

በስልካችን አሜሪካኖቹ ዎልአይና ትራውት ሲያጠምዱ እያየን «እኛስ?» ማለታችን አልቀረም። ዎልአይ እዚህ የለም። ትራውት ግን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ተለቋል። ከጭሮ ለሚነሳ ግን ሩቅ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ሐረማያ ነው። የሐረር መኪና ተሳፍራችሁ ሂርናንና ቁልቢን አልፋችሁ ሐረማያ ትወርዳላችሁ። ሐይቁ መንገድ ዳር ነው።

ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ይሄ ሐይቅ ጭራሽ ደርቆ ነበር። ለሐረር መጠጥ ውሃ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ያለ ልክ ተሳበ፤ ደለልም ሞላው። አሁን ውሃውም አስጋሪውም ተመልሷል። ግን ተጠንቀቁ፦ ያኔ ገበሬው ወለሉ ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ውሃ ያወጣ ነበር። ጭቃውም ይውጣል። ዳር ሆናችሁ አጥምዱ እንጂ አትግቡ።

በበልግ ለመሄድ ካሰባችሁ ስለ ቆሮሶ አንድ ነገር እወቁ። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ ጫጩቶቹም ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ ያድጋሉ። እሷን ያዛችሁ ማለት መቶዎቹን አጠፋችሁ ማለት ነው። አፏ ውስጥ እንቁላል ካያችሁ ቶሎ ልቀቋት፤ ትንንሾቹንም እንዲሁ። ዓይኑ ጠባብ መረብ ይዞ መሄድ ደግሞ ነውር ነው፤ መንጠቆና የምድር ትል ይበቃል።

ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ መጀመሪያ የወረዳውን ግብርና ቢሮ ጠይቁ። ለሊት ተነሱ፤ አሳውን ፀሐይ ሳይመታው በረዶ ውስጥ ክተቱት።