ስለ ክሊንጎን ቋንቋ የቃላት አመሠራረት

ክሊንጎን የአንድ አገር ሕዝብ ልሳን አይደለም፤ አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ማርክ ኦክራንድ በ1984 እ.ኤ.አ. ለወጣው የስታር ትሬክ ፊልም ያዘጋጀውና በ1985 መዝገበ ቃላቱን ያሳተመለት ነው። «ለልብ ወለድ የተፈጠረ ቋንቋ መመርመር ምን ይጠቅማል?» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። መልሱን ከቃላቱ እንፈልግ።

«ጎጅ» ማለት «ተማረ» ነው። «ሞኽ» የተባለው ባዕድ መድረሻ ሲጨመርበት «ጎጅሞኽ»፣ «አስተማረ» ይሆናል። «ዊእ» አድራጊውን ያመለክታልና «ጎጅዊእ» ተማሪ፣ «ጎጅሞኽዊእ» አስተማሪ ነው። የግሥ መድረሻዎች በ9 ክፍል ተመድበው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ «ሞኽ» ከ4ኛው፣ «ዊእ» ከ9ኛው ስለሆኑ ቦታ አይለዋወጡም። ሥሩም አይነካም።

በአማርኛችን ግን «ተማረ» «ተማሪ» ሲባል «ረ» ከግዕዝ ወደ ሣልስ ይለወጣል፤ በ«አስተማሪ» ደግሞ የማስደረጊያው ምልክት ከፊት ይገባል። ይህን ዘወትር እየተናገርነው ልብ ሳንለው ኖረናል፤ ያስተዋልነው ከባዕዱ ጋር ስናስተያየው ነው። ጥቅሙም ይኸው ነው እንላለን።