በሬ ተሽጦ መንጃ ፈቃድ፦ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

መኸሩ ተወቅቶ እህሉ ጎተራ ሲገባ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «አባባ፣ አንዱን በሬ ይሽጡልኝና መንጃ ፈቃድ ላውጣ» ይላል ልጅ። «በሬው ከሄደ በምን ልናርስ ነው?» ትላለች እናት። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ በእርስዎም ቤት ተነስቶ ይሆናል። ልጁ አልተሳሳተም፤ መሬቱ ለሁሉም ልጅ አይበቃም። እናትም አልተሳሳተችም፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። እንግዲህ የሚያስታርቃቸው ስሌት ነው። እስቲ አብረን እናስላ።

ፈቃዱ ምንድን ነው?

መንጃ ፈቃድ የምንለው በሕግ ስሙ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ይባላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074 ፈቃዱን በዓይነት ይከፍለዋል። የሞተር ብስክሌት፣ የአውቶሞቢል፣ የታክሲ፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ የደረቅ ጭነትና የፈሳሽ ጭነት እያለ ይለያል። በአውቶሞቢል ፈቃድ አውቶቡስ አይነዳም። ስለዚህ ልጅዎን አስቀድመው «የምን ፈቃድ?» ብለው ይጠይቁት። «ዝም ብሎ መንጃ ፈቃድ» ካለዎት ገና አላሰበበትም ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚጠየቀውን ዕድሜና የትምህርት ደረጃ ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። ጥያቄ ገንዘብ አያስከፍልም።

ፈተናው ሁለት ነው፦ የጽሑፍና የተግባር። የመንገድ ምልክት፣ የትራፊክ ሕግ፣ የመኪና አሠራርና የመጀመሪያ ዕርዳታ መማር አለበት። ማንበብ የማይችል ሰው እዚህ ላይ ይቆማል።

ወጪውን እንቁጠር

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ ብቻ ናቸው። የአገርዎን ዋጋ እርስዎ ይተኩበት።

የሥልጠና ክፍያ 25,000 ብር እንበል። የ3 ወር የከተማ ቤት ኪራይና ምግብ 15,000 ብር። የጤና ምርመራ፣ ፎቶግራፍና መጓጓዣ 3,000 ብር። ድምሩ 43,000 ብር ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆጠራውን ያቆማል። ገና ግን አላለቀም። በሬው ከተሸጠ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ መግባት ይመጣል። መቀናጆ ደግሞ ተራ ነው። ተራው እስኪደርስ ዝናቡ ያልፋል፤ ምርቱም ይቀንሳል። 3 ኩንታል ቀነሰ፣ አንዱ ኩንታል 5,000 ብር ያወጣል ብንል 15,000 ብር ጠፋ። እውነተኛው ወጪ 58,000 ብር ሆነ።

ገቢውስ?

ልጁ ፈቃድ አወጣ ማለት ሥራ ያዘ ማለት አይደለም። ባለንብረት መኪናውን ለማያውቀው ሰው አይሰጥም። ብዙው አዲስ ሹፌር መጀመሪያ ረዳት ሆኖ ወይም ተተኪ ሆኖ ይቆያል።

ባጃጅ አገኘ እንበል። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ 1,200 ብር ሰበሰበ። ለባለንብረቱ 500 ያስገባል፤ ለነዳጅ 350 ይከፍላል። 350 ይቀረዋል። ከዚህ ላይ ለምግብና ለማደሪያ 200 ሲወጣ 150 ብር ይተርፋል። በወር 26 ቀን ቢሠራ 3,900 ብር ነው።

አሁን ያካፍሉ። 58,000 ብር ለመመለስ 15 ወር ይፈጃል። 3 ወር ሥልጠናና 4 ወር ሥራ ፍለጋ ሲደመር 22 ወር ይሆናል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው? ያም ጎማ ሳይፈነዳ፣ ልጁም ሳይታመም ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚመጣው ትርፍ ነው፤ ሙያውም ከእጁ አይወጣም።

በገንዘብ የማይቆጠረው

መሪ የያዘ ሰው የሰው ሕይወት ይዟል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይደነግጋል። ግልጽ የሆነን ደንብ ጥሶ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ገድሎ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። «ሥልጠናው ይቅር፣ ገንዘብ ሰጥተን ወረቀቱን እናምጣ» የሚል ደላላ ቢመጣብዎ ይህን ያስታውሱ። ደላላው አብሮ አይታሰርም።

ምን ይሻላል?

በሬ ከመሸጥ በፊት ሌላውን መንገድ ይፈትሹ። በጎችና ሙክት ካሉ እነሱ ይቅደሙ። ዕቁብ ካለ ዕጣው ለዚህ ይታሰብ። ሥልጠናው የእርሻ ሥራ በሚቀልበት፣ ከውቂያ በኋላ ባሉት ወራት ይሁን። ልጁም ከመመዝገቡ በፊት ጥቂት ወር ረዳት ሆኖ ይሥራ። ሥራውን ያያል፤ ባለንብረቶችም ያውቁታል። ያን ጊዜ 4 ወር ያልነው የሥራ ፍለጋ ያጥራል።

ማሰልጠኛውንም ይመርምሩ። ሕጋዊ ፈቃድ አለው? ክፍያው ፈተና ቢወድቅ መድገሚያን ይጨምራል? ደረሰኝ ይሰጣል? ደረሰኝ የማይሰጥ ቤት ገንዘብዎን አይስጡ።

በደመወዝ ሲቀጠርም ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። እንቅልፍ የነሳው ሹፌር ለራሱም ለተሳፋሪውም አደጋ ነው። ልጁ አንብቦ ይፈርም እንጂ ሳያነብ ጣቱን አያጥልቅ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ዛሬ ማታ ደብተርና እርሳስ ይውጣ። በአንድ በኩል ወጪው፣ በሌላው ገቢው ይጻፍ። ልጅ ይጻፍ፣ እናት ትቁጠር፣ አባት ይጠይቅ። ስሌቱ ያዋጣል ካለ ልጁ በምርቃት ይሂድ። አያዋጣም ካለ ግን በሬው ለዘንድሮ ይረስ፤ ፈቃዱ ለከርሞ ይደርሳል።