የአሮጌ አውቶሞቢል ጉልበት በአነስተኛ ወጪ ስለሚመለስበት መንገድ

በአውቶሞቢል መለዋወጫ ንግድ የተሰማሩ ሰዎች፣ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያሉትም ሆኑ እንደ መካኒሳ አቦ ባሉ የከተማው ደቡባዊ ሠፈሮች ሱቅ የከፈቱት፣ ከደንበኛ ዘወትር የሚቀርብላቸው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «መኪናዬ ዳገት እምቢ አለችኝ፤ ጉልበት የሚጨምርላት ምን ዕቃ አለ?» የሚል ነው።

ጥያቄው የሚበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታውቋል። ስለዚህ ቀድሞ የገባው ኮሮላ፣ ላዳና ቮልስዋገን ባለቤቱ የሚለውጠው ሳይሆን የሚጠግነው ንብረት ሆኗል።

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ብቻ ሳይሆን ቤንዚኑን ከሚያቃጥለው አየር ጭምር ነው። መካኒሳ አቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ በዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በፋብሪካው መጽሐፍ 100 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር፣ አዲስ ሆኖ እንኳ፣ በአዲስ አበባ 80 ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይሰጣል። ይህን ጉድለት ማንም መካኒክ በመፍቻ አይመልሰውም። የሚመለሰው በእርጅናና በተሳሳተ ማስተካከያ የጠፋው ነው።

አስቀድሞ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት በመለኪያ ይመረመር። በዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል፤ የአየሩ መሳሳት መለኪያውንም ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ቁጥሩ ከመጽሐፉ አንሶ ቢገኝ ሞተሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው ከተቀራረቡ ሞተሩ ገና ጤነኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ይፈታ ብሎ መፍረድ አይገባም።

ካርቡራተር ያለበት ሞተር የተመጠነው ለባሕር ጠረፍ አየር ከሆነ፣ ደጋ ሲወጣ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበትና ነዳጅ አብረው ይባክናሉ። መድኃኒቱ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ ቀዳዳዋ በጠበበ ሌላ መለወጥ ነው። ይህች ቁራጭ ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ስለሆነች ለአስመጪው የጭነት ኪራይም ሆነ የውጭ ምንዛሪ አታበዛበትም፤ በየመጠኗ ለይቶ የሚያስመጣ ነጋዴም ገበያ አያጣም። ቤንዚንን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚረጩ ሞተሮች ግን አየሩን ራሳቸው ስለሚለኩ ይህ አያስፈልጋቸውም።

ቀጥሎ መካኒኮች ታይሚንግ የሚሉት፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ እሳቱ ቀስ ብሎ ስለሚዛመት፣ ጥቂት ዲግሪ ቀደም ማድረግ ጉልበት ይመልሳል። ወጪው የሠራተኛው ዋጋ ብቻ ነው። ንጹሕ ፊልትሮ፣ አዲስ ካንዴላ፣ በልኩ የተስተካከለ ቫልቭ፣ የማይዝ ፍሬን የሚሰጡትን ጥቅም ማንም ያውቀዋል።

ነገሩ በስፖርት መኪናም ያው ነው። በጀርመኑ ፌሊክስ ቫንክል ስም የሚጠራው፣ ማዝዳም እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 2002 በሠራት አርኤክስ ሰባት የታወቀው ሞተር ፒስቶን የለውም፤ በፒስቶን ፈንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይዞርበታል። ሲያረጅ ጉልበቱ የሚያመልጠው በማዕዘኖቹ ጫፍ ባሉት ማሸጊያዎች ነው። እነርሱ ደኅና ከሆኑ ካንዴላዎቹን ማደስና የጭስ መውጫውን ማስፋት ርካሹ መንገድ ነው፤ ካለቁ ግን የሚጨመርለት ዕቃ ሁሉ ኪሣራ ነው።

በደጋ አየር ሞተር የመንኳኳት ጠባዩ ስለሚቀንስ፣ የማያንኳኳ ሞተር ኦክቴን ከፍ ያደርጋል በተባለ ፈሳሽ ጉልበት አያገኝም። ድምፅ የሚያጎላ ማርሚታም ባብዛኛው የሚጨምረው ድምፅን ነው። ቱርቦ የጎደለውን አየር በእርግጥ ይመልሳል፤ ነገር ግን ለአሮጌ ሞተር ፒስቶኑን፣ የነዳጅ መስመሩንና ማቀዝቀዣውን ጭምር ማጠንከር ስለሚጠይቅ ከአነስተኛ ወጪ ተራ አይቆጠርም።

ለአዲስ አበባ አየር የተስተካከለች መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ጅቡቲ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑም ያንሳታል። በዚያ ሙቀት የቀደመ እሳት ፒስቶን ሊበሳ፣ በቫንክልም ሞተር ማሸጊያውን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ታይሚንጉን ወደ ቀድሞ ልኩ ይመልስ፤ የፊተኛዋንም የነሐስ ቁራጭ ሳይጥል በመሣሪያ ሣጥኑ ያኑር።